ትርፍ የጫነ ገመድ

አሰጋሽ ዓይኗ ይከደናል፣ ትከፍተዋለች፣ ደግሞ ይከደናል። በቡና ሰሞን ማን ይተኛል! ከቴፒ ወጣ ብሎ ባለው ቡና ማበጠሪያ ሥራዋ ስክሪን ማየት ነው። ማሽኖቹ ሁሉ በአንድ ገመድ ተያይዘው በየተራ ወሬያቸውን ያቀብላሉ። ጎተራው «ሞላሁ» ሲል ቡናውን ወደ ላይ የሚያወጣለት ማንሻ ወዲያው መቆም አለበት። ካልቆመ ከነገለባው የደረቀው ቡና፣ ጀንፈሉ፣ ይፈስና አጠገቡ ካለው የታጠበ ቡና ጋር ይደባለቃል። ያኔ ጉድ ነው።

ጉዱ ደግሞ ሰሞኑን ተመላለሰ። ባለቤቱ ጋሼ ከፈለኝ ከሚዛን ከተማ ደውለው፣ «ተኝተሽ ነው! አንድ ጊዜ ይደገምና ነጠላሽን ይዘሽ ትወጫለሽ» አሏት። አልተኛችም። መተኛትማ ብታገኝ!

ዛሬ ከምሳ በኋላ ሳዲቅ መጣ፤ በቅርቡ የሌባ መጠበቂያ ካሜራዎቹን የሰቀለው ባለሙያ ነው። ገመዶቹ የሚገናኙበትን ሳጥን ሲከፍት አንድ ባዶ ቀዳዳ የለም።

«አንተ ሳዲቅ፣ ካሜራህን ከኔ ማሽን ጋር ምን አገናኘው?»

«ጋሼ ናቸዋ! ‹ሳጥኑ ባዶ ቀዳዳ እያለው ሌላ ገመድ ምን ያደርጋል› አሉ። ቀዳዳ አለ ማለት ቦታ አለ ማለት አይደለም ብያቸው ነበር። እሳቸው እንደ ሚኒባስ ረዳት ጠጋ ጠጋ በሉ ነው የሚያውቁት።»

አሰጋሽ ልትስቅ ስትል ማዛጋት ቀደማት።

ማሽን አጭር ቃል ተናግሮ ዝም ይላል። ካሜራ ግን አንዴ አፉን ከከፈተ መዝጋት የለም፤ ግድግዳውን፣ ዝንቡን፣ የለቃሚዎቹን ሻሽ ሳይቀር ሲያወራ ይውላል። የጎተራው «ሞላሁ» ከዚያ ሁሉ ወሬ ኋላ ተሰልፎ እስኪደርስ ቡናው ፈሷል።

«በል ካሜራዎቹን ንቀላቸው።»

«እኔ? ልጆች አሉኝ እኮ!»

«እኔስ ድመት ነው የማሳድገው?»

ተነሥታ ራሷ ነቀለቻቸው። ጎተራው ሞላሁ አለ፤ ማንሻው ቀጥ አለ። ስልኳ ጮኸ።

«አሰጋሽ! ስልኬ ላይ የነበረው ምስል ሁሉ ጠቆረብኝ! ማነው የነቀለው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ምን ልትሰርቂ?»

«እንቅልፍ፣ ካገኘሁ።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም፤ ቁጣም ጉልበት ይፈልጋል። «ካሜራው ካለ ቡናው ይደባለቃል፣ ከሌለ አይደባለቅም። ሳዲቅን ይጠይቁት።»

ሳዲቅ ስልኩን ተቀብሎ ለሁለቱም እንዲሰማ ድምፁን ከፈተው። «እውነቷን ነው ጋሼ። ጥፋቱ የገመዱ ነው፣ የሷ አይደለም። ለካሜራ ለብቻው መስመር ይዘርጋ።»

«እስኪዘረጋስ?»

«አንድ ካሜራ ብቻ ቢሆን ይችለዋል።»

አሰጋሽ የመጋዘኑን በር ይመርጣሉ ብላ ጠበቀች፤ ቡናው ያለው እዚያ አይደል?

«እንግዲህ በሥራዋ ትቀጥል። አንዷን ካሜራ ግን እሷ ላይ አድርጋት» አሉና ዘጉት።

ሳዲቅ አንገቱን ደፍቶ መሰላል ላይ ወጣ። «ትንሽ ወደ ግድግዳው ላዙረው?» አለ በሹክሹክታ።

«ተወው፣ ይዩኝ። ሰው ሲደክመው ምን እንደሚመስል አይተው አያውቁም።»

ካሜራው በራ። ጎተራው ሞላ፣ ማንሻው በጊዜው ቆመ። አሰጋሽ ካሜራውን ቀና ብላም አላየችው፤ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ጎተተች።