የጫማ ቁም ሳጥኑ ፖስታ ቤት

አሳንሰር ጠጋኙ የሰው እጅ ማየት የማይወድ ሰው ነበር። ቧንቧ ሠራተኛ ቤቱ ገብቶ አያውቅም። ፀጉሩን እንኳ መስታወት ፊት ቆሞ ራሱ ነበር የሚቆርጠው፤ ይህም ከሩቅ ይታወቅበት ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን ለፋርማሲስቷ ሚስቱ፣ የቤተሰቡ ኢሜይል በማያውቁት ኩባንያ ማሽን ውስጥ ማደሩ ይብቃ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ የራሳችንን ሰርቨር እዚሁ ቤታችን እናቆማለን ሲላት ብዙም አልገረማት። የገረማት የት እንደሚያስቀምጠው ስትሰማ ነው። ዋይፋዩ ያለው ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ያለው ብቸኛ ዕቃ ደግሞ የእሷ የጫማ ቁም ሳጥን ነበር።

ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ የታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከተረከዝ ጫማዎቿ አጠገብ ቦታ ተሰጠው። ቁም ሳጥኑ ከጀርባው ተበስቶ ኬብል ገባለት። በቤተሰቡ ስም ዶሜይን የሚባለው የኢንተርኔት መጠሪያ ተመዘገበ፤ ለእያንዳንዱ ዘመድም አድራሻ ተከፈተለት። መጀመሪያ ላይ ከዚያ ቁም ሳጥን የሚወጣ ኢሜይል ሁሉ ሰው ጋ ሲደርስ በቀጥታ ከማጭበርበሪያና ከማስታወቂያው ጋር እየተጣለ አስቸግሮ ነበር። ሚስቱ ለአለቃዋ የላከችው የፈቃድ ጥያቄም እዚያው ወድቆ ቀርቶ፣ አለቃዋ ጠፋች ብሎ ዘመድ አዝማዱን ሲያስጨንቅ ዋለ። አሳንሰር ጠጋኙ ግን ወይ ፍንክች። ሲያስተካክል፣ ሲሞክር፣ እንደገና ሲያስተካክል ከርሞ በመጨረሻ ዓለም ቁም ሳጥናቸውን አመነው።

ቀጥሎ ዘመዶቹ ሲጓዙ «አሁን የለሁም» እያለ በራሱ መልስ የሚሰጥ ነገር ፈለጉ። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ተዘጋጅቶ ይገኛል። እሱ ግን የተዘጋጀ ነገር አይሆንለትምና ቁጭ ብሎ ራሱ ጻፈው። መጀመሪያ የተጠቀሙበት የሚስቱ አጎትና የሚስቱ አክስት ነበሩ።

እነዚህ ወንድምና እህት ሆድና ጀርባ ከሆኑ ዓመታት አልፈዋል። መነሻው መሰላል ነው። ጡረታ የወጣው ቀያሽ አጎት ከልብስ ስፌት አስተማሪዋ እህቱ መሰላል ተውሶ ሲመልስ፣ እሷ አንድ እርከን ጎድሏል አለች፤ እሱ ድሮም እንዲሁ ነበር አለ። ከዚያ ወዲህ ሠርግ ቤት ሲገናኙ እንኳ ሁለቱም መሃላቸው ምሰሶ የሚገባበትን ወንበር ነበር የሚመርጡት።

አጎትየው ጉልበቱን ሊታከም ፍል ውሃ ወረደ። አክስትየዋ አራስ ልጇን ልትጠይቅ ሄደች። ሁለቱም ከመሄዳቸው በፊት ለአሳንሰር ጠጋኙ ደውለው መልሳቸውን በቃል አስጻፉት። ቀያሹ ዕድሜውን ሙሉ ሪፖርት ሲጽፍ የኖረ ሰው ነውና «መልእክትዎ በአክብሮት ደርሶኛል። ባለመኖሬ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ። እሷ ደግሞ «ወዳጄ፣ መልእክትህ ደርሶኝ ደስ ብሎኛል። አሁን እጄ ስላልቦዘነ ስመለስ እንጫወታለን» አለች።

በደረሰች ማግሥት አክስትየዋ የልጅ ልጇን ፎቶ ለመላው ቤተሰብ ላከች። መላው ቤተሰብ ሲባል ወንድሟም አለበት። የእሱ ፕሮግራም ወዲያው በአክብሮት ይቅርታ ጠየቃት። የእሷ ፕሮግራም ወዳጄ ብሎ መለሰ። የእሱም ይህን ተቀብሎ እንደገና ይቅርታ ጠየቀ። አሳንሰር ጠጋኙ ፕሮግራሙን ሲጽፍ፣ ለአንድ ሰው አንዴ ከመለስክ ይበቃል ብሎ ማዘዝ ዘንግቶ ነበር። እንግዲህ ገላጋይ ከየት ይምጣ? ሁለቱ ተያያዙት።

በነጋታው ጠዋት ፋርማሲስቷ ወደ ሥራ ልትወጣ ጫማዋን ስታነሳ ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ሞቆ አገኘችው። ቁም ሳጥኑም ያጉረመርማል። ባሏን ጠርታ ወይ እሱ ይውጣ ወይ እኔ ጫማዬን ይዤ ልውጣ አለችው። ላፕቶፑን ሲከፍተው ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ከላይ እስከ ታች ይቅርታና ወዳጄ፣ ይቅርታና ወዳጄ ነው። አፉን በእጁ ይዞ ኬብሉን ነቀለው።

ወዲያው አክስትየዋ ደወለች። ስልኳ አልፋታ ሲላት በሕፃኑ ፎጣ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከትታው እንደነበር ነገረችው። «አንድ ጊዜ ቢለኝ እንዳልሰማሁ አልፈው ነበር፤» አለች። «ይሄ ሰውዬ ግን ከትናንት ጀምሮ ይቅርታ እያለ እየለመነኝ ነው። ሊሞት ነው እንዴ?»

ሊያስረዳት አፉን ሲከፍት ሕፃኑ አለቀሰና ዘጋችው። ቀያሹ ተከተለ። ከገንዳው ሳይወጣ ነበር የሚደውለው፤ የውሃው ድምፅ ይሰማል። «ወዳጄ አለችኝ እኮ፤» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በልጅነታችን እንኳ ጭንቅላታም ነበር የምትለኝ። እንዲህ እየተማጸነችኝ ዝም ብላት ኩሩ ነው እባላለሁ።» ከዚያም ሻንጣዬን ላዘጋጅ ብሎ ተሰናበተው።

ባልና ሚስት ተከራከሩ። እሷ፣ እውነቱን ከነገርካቸው ሁለቱም ጦሩን ወዳንተ ነው የሚያዞሩት፣ አርፈህ ተቀመጥ አለች። እሱ ግን ብሎኑ እንዳልጠበቀ እያወቀ አሳንሰሩ ደህና ነው ብሎ ፈርሞ የማያውቅ ሰው ነው። እንቅልፍም እህልም እምቢ አለው።

ወንድምና እህት በፋርማሲስቷ በኩል ተቀጣጥረው እነሱ ቤት መጡ። ቀያሹ ከረባት አስሯል፤ እሷ አዲስ ቀሚስ ሰፍታለች። ሁለቱም ፊታቸው ላይ የሚነበበው የበደለ ሳይሆን የማረ ሰው ደግነት ነበር።

«በቃ፣ ምሬሃለሁ፤» አለች እሷ።

«እኔ ነኝ እንጂ የማርኩሽ፤» አለ እሱ። ለማኙ ማን እንደሆነ ተነሣና ዱላ ቀረሽ ክርክር ሆነ። ሁለቱም ማስረጃ ብለው ስልካቸውን አወጡ። ይኼኔ አሳንሰር ጠጋኙ መሃላቸው ገብቶ፣ ስለ ፕሮግራሙ፣ ስለ ረሳት ትእዛዝና ስለ ቁም ሳጥኑ አንድ በአንድ ተናዘዘ።

ቀያሹ ከረባቱን ማላላት ጀመረ።

«ይቅርታ የምትለዋን ቃልስ ማን ነው ያስጻፈህ?» ብላ ጠየቀች አክስትየዋ።

«እሳቸው፣» አለ አሳንሰር ጠጋኙ።

«ለሰው ሁሉ ነው ያስጻፍኩት፤» አለ ቀያሹ።

«እኔ ሰው አይደለሁም?»

ቀያሹ ጉልበቱን እያሻሸ መውጫ ፈለገ፤ አጣ። «ሰው ነሽ፤» አለ በመጨረሻ፣ ጥርስ የተነቀለበት ያህል እየከበደው። ቀጥሎም፣ «ወዳጄ ያልሽውስ?» አላት።

«እሱም ለሰው ሁሉ ነው፤» አለችና ቀሚሷን አስተካከለች። «አንተም እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ትቆጠራለህ።»

ፋርማሲስቷ ሳቋ አላስቆም ብሏት ወደ ማድ ቤት ሮጠች። ስትመለስ አጎትና አክስቷ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው የሕፃኑን ፎቶ እያዩ፣ ጆሮው በማን ወጣ በሚለው ላይ ይጨቃጨቁ ነበር።

ፕሮግራሙ በማግሥቱ ተስተካከለ። ሁለቱ ግን አሁን በገዛ እጃቸው መጻፍ ጀመሩ፤ ስለ ጆሮው፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ቀሚሱ ርዝመት። አንድ ቀን አክስትየዋ ደውላ፣ ፍቅሬና ንዴቴ ባንድ የመልእክት ሳጥን እየተደባለቁ አስቸገሩኝ፣ ለጭቅጭቅ ብቻ የሚሆን ሌላ አድራሻ ክፈትልኝ አለችው። ከፈተላት። ቀያሹም ይህን ሰምቶ ለእኔም ይገባኛል አለ፤ ለእሱም ተከፈተ። ሁለቱም ታዛቢ ትሁነን ብለው የሚጻጻፉትን ሁሉ ለፋርማሲስቷ ይልኩላታል። እሷም ወደ ሥራ ስትሄድ አውቶቡስ ውስጥ የምታነበው የጭቅጭቁን ብቻ ነው፤ የፍቅሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው ትላለች።