ኦሪዮል የሰማው ጉርምርምታ

የገላኔ ድምፅ ለሴት ወፍራም ነው። በልጅነቷ፣ አዳማ ውስጥ በምትዘምርበት ቤተ ክርስቲያን፣ "አንቺ ከወንዶቹ ጋር ቁሚ" ሲሏት ስታለቅስ ነው ያደገችው። ለዚህ ድምፅ ሲል ባሕር የሚሻገር ሰው አለ ቢሏት ከት ብላ በሳቀች ነበር።

ባሕር የተሻገረው ሰው ኦሪዮል ይባላል። ሰባዎቹን ያጋመሰ ካታላናዊ የሙዚቃ ደራሲ ነው፤ የመጣውም ከባርሴሎና። ሙዚቃው የሚንጎራጎር ዓይነት አይደለም። ከታች፣ ከወፍራሞቹ ክሮች አንድ ድምፅ ይነሣና ሳይቋረጥ ይሄዳል፤ ሌላው ሁሉ በላዩ ላይ ፈራ ተባ እያለ ይራመዳል። ገላኔ በስልኳ ከፍታ ስትሰማው ነጎድጓድ ሊመጣ ሲል ሰማዩ የሚያጠላው ጥላ ትዝ አላት። "ሰው እንዴት ወዶ ይኼን ይሰማል?" አለች።

ሰውየው ግን ደግ ነበር። የስምጥ ሸለቆውን መንቀጥቀጥ በዜና ሰምቶ፣ ወለንጪቲ አጠገብ የተሰነጠቀውን መሬት ድምፅ ሊቀዳ፣ በዚያ ላይም በኢንተርኔት የሰማውን የገላኔን ድምፅ ሊያክልበት ነው የመጣው። እሷም አስተርጓሚው ሆነች። ስንጥቁ ከእናቷ ከወይዘሮ ሽታዬ ማሳ ግርጌ ስለሚያልፍ፣ አንድ ጠዋት በሚኒባስ ተሳፍረው ወደዚያው ሄዱ።

ወይዘሮ ሽታዬ በር ላይ ተቀበሏቸው። "አካም ጂርታ?" ብለው የልጃቸውን ጉንጭ ሳሙ፤ ፊታቸው ግን አልፈታም። "የጉድጓዱ ውኃ ሞቋል፣ ገላኔ። ላሞቹ አሽትተው ይመለሳሉ።"

ኦሪዮል ማይክራፎኑን በገመድ ወደ ስንጥቁ አወረደና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። ብዙም ሳይቆይ ፊቱ ገረጣ። ማዳመጫውን አውልቆ ለገላኔ ሰጣት። እሷም ሰማች። ከባድ ነገር በሩቅ የሚጎተት ይመስላል፤ ከጆሮ ይልቅ በጥርስ ሥር የሚሰማ ጉርምርምታ ነበር።

"ይኼን አውቀዋለሁ" አላት በተሰባበረ እንግሊዝኛው። "መንደራችን ተራራ ሥር ነበረች። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሰማሁትና ለመምህሩ ነገርኩት። በካታላንኛ ነበር የነገርኩት። ያኔ በቋንቋችን ትምህርት ቤት ውስጥ መናገር ክልክል ነበር። መምህሩ በጥፊ አጮለኝና 'እንደ ሰው ተናገር' አለኝ። ሁለተኛ አፌን አልከፈትኩም። ከሰዓት በኋላ ተራራው ተናደ። ታናሽ ወንድሜ እዚያው ቀረ።"

ገላኔ ማዳመጫውን መለሰችለት።

"ዕድሜዬን ሙሉ ስጽፍ የኖርኩት ይኼንኑ ነው፤ አንድም ቀን ልክ መጥቶልኝ አያውቅም። አሁን ግን ራሱ ነው። ሰዉን አስወጪ። ዛሬ ቤት ውስጥ ማንም እንዳይቆይ።"

ገላኔ ለእናቷ በኦሮምኛ ሳታድበሰብስ ነገረቻቸው። እሳቸውም "ውኃው ቀድሞ ነግሮኛል" ብለው ጎረቤት እየጠሩ ወደ ሜዳው ወጡ። እሷና ኦሪዮል መቅጃውን ስንጥቁ አፍ ላይ እንደበራ ትተው ወደ ከተማው ሮጡ።

የገበያ ቀን ነው። የቀበሌው ሰው አቶ ጫምሳ ባለሱቁ አብዱናሲር ዘንድ ተቀምጦ ለስላሳ ይጠጣል። ሱቁ በቅርቡ የተሠራ ባለ ብሎኬት ነው፤ አብዱናሲር ከወሎ መጥቶ ስንት ዓመት የለፋበት። ኦሪዮል እጁን እያርገበገበ ተናገረ፦ ይወድቃል፣ ዛሬ ነው፣ ሁሉም ይውጣ። አቶ ጫምሳ ጠርሙሱን አስቀምጦ ገላኔን ከእግር እስከ ራሷ አያት።

"ምንድን ነው የሚለው? በገበያ ቀን ሕዝብ የሚያስደነግጥ ወሬ እንዳይሆን ብቻ።"

ገላኔ ዓይኗን ወደ ጠርሙሱ መለሰች። "መሬቱ ትንሽ ስለሚያሳስብ… ጥንቃቄ ቢደረግ ጥሩ ነው ይላል" አለች።

"እሱማ ሁሌም ጥሩ ነው" ብሎ አብዱናሲር ሳቀ። "አላህ ይጠብቀናል። ፈረንጁ ይቀመጥ፣ ውኃ ይጠጣ።"

"ነገርሻቸው?" አለ ኦሪዮል።

"ነግሬያቸዋለሁ።"

ኦሪዮል አልተቀመጠም፤ የገላኔን ክንድ ይዞ ከሱቁ አወጣት። አቶ ጫምሳ ስልክ ተደውሎለት እያወራ ወደ ደጅ ወጣ። አብዱናሲር ደንበኛ መጥታለት ስኳር ሊያወርድ ወደ ውስጥ ገባ፤ ደንበኛዋ ሰሊማ ደጃፉ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። በዚህ መካከል ወፎቹ ባንድ ጊዜ ከግራሩ ተነሡ። መሬቱ ከሥር እንደ ተመታ ከበሮ ዘለለ፤ ሰዉ በግንባሩ ተደፋ፤ ቆርቆሮው ጮኸ። አቧራው ሲቀመጥ በሱቁ ቦታ ክምር ብሎኬት ነበር። ሰሊማ በእጇ ትምሰዋለች።

አብዱናሲርን ከሰዓት በኋላ አወጡት። ትንፋሹ አልነበረም። የወይዘሮ ሽታዬ ቤትም ወድቋል፤ ሜዳ ላይ የነበሩት ግን ሁሉም ተርፈዋል።

ከቀብሩ በኋላ አቶ ጫምሳ ክንዱን በነጠላ አንጠልጥሎ ወደ ገላኔ መጣ። "ፈረንጁ ያን ቀን ያለው 'ጥንቃቄ' ብቻ ነበር?" አላት በዝግታ። እሷ መሬት መሬት አየች። እሱም መልስ ሳይጠብቅ ሄደ።

ለኦሪዮል አዳማ ሆቴሉ ድረስ ሄዳ እውነቱን ነገረችው። አለሳልሼዋለሁ አለችው።

ኦሪዮል ቀና ብሎ አያት። "ያ ሰውዬ መታሽ?"

"አልመታኝም። አየኝ ብቻ።"

ራሱን ነቀነቀ። የተቀዳው ድምፅ እስከ መጨረሻው ድረስ መሣሪያው ውስጥ እንዳለ ነገራት፤ ባርሴሎና መጥታ በላዩ እንድትዘምርለትም ለመናት። ካንቺ በቀር ማንም አይችለውም አላት። እንባው ይወርድ ነበር።

"በዚያ ድምፅ ውስጥ ሰው ሞቷል" አለችው። "አልዘምርም።"

እሷ እንቢ ብትልም ሥራው ያለ ዘማሪ ቀረበ። አዳራሹ ቆሞ እንዳጨበጨበ፣ ኦሪዮል ግን ከመድረክ ጀርባ ተቀምጦ እንዳልወጣ ሰማች። ወይዘሮ ሽታዬ አሁን አዳማ፣ ልጃቸው ዘንድ ናቸው፤ ጣራ ሥር ግን እንቢ ብለው ግቢ ውስጥ በሸራ ይተኛሉ። ኦሪዮል አልፎ አልፎ ይደውላል። ሰላምታው አጭር ነው።

"ያ ድምፅ እዚያስ ይሰማል?"

"አይሰማም" ትለዋለች ገላኔ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ጆሮዋን ወደ መሬት አስጠግታ አታውቅም።