የአቶ ስመኘው ሃያ ሦስት ሕመሞች

«ጉልበቴንማ አዳንሽው!» አሉ አያ ገብረሰንበት፣ ነፍስ ይማር ብለው ድንኳኑ ውስጥ ከመቀመጣቸው። «ወንበር ይዤ ጧት ጧት ብድግ ቁጭ ስል፣ ይኸው ተራመድሁ።»

ውዳሴ ግራ ገባት። ያንን ልምምድ ያዘዘችው ለአባቷ ነበር፤ ያውም ከፖላንድ፣ በስልክ።

አቶ ስመኘው ከቅዳሴ መልስ ጋደም እንዳሉ በዚያው አሸለቡ። የሕክምና ተማሪዋ ልጃቸው ቀብሩ አምልጧት በሣልስቱ ቡሬ ደረሰች፤ መንገዱን ሁሉ አንድ ደብተር እያገላበጠች ስታለቅስ ነው የመጣችው። አባቷ በአምስት ዓመት የነገሯት ሃያ ሦስት ሕመም ተጽፎበታል። ከእነዚህ አንዱ ገዳያቸው ነበር፣ እኔ ግን አላወቅሁትም ብላ ታስባለች። የአባቷን በሽታ ያልለየች ምን ሐኪም ትሆናለች? ወደ ትምህርቷ ላትመለስ ወስናለች።

በመጀመሪያው ዓመት ቋንቋው አልገባ ብሏት ፈተና ወድቃ፣ ከትምህርት መልስ የአረጋውያን መጦሪያ ወለል እየወለወለች፣ «አባ፣ አልቻልሁም፤ ልምጣ» ብላ ደውላ ነበር። «መምጣቱስ ይሁን። እስከዚያ ግን ይኼን ጉልበቴን ምን ላድርገው?» አሏት አባቷ። መልሱን ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ገባች፤ በዚያው ቀረች። ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ ስትደውል፣ አልፎ አልፎ አዲስ ሕመም ይመጣል። አንዴማ «ያጥወለውለኛል፤ አፈር ብይ ብይ ይለኛል» አሏት።

«አባ፣ እርጉዝ ነዎት እንዴ?» ብላ በሳቅ ፈረሰች።

«ብሆንስ ምን ትይኝ ነበር?»

«ደም አንሶዎታል፤ ነገ ዛሬ ሳይሉ ጤና ጣቢያ ይሂዱ እል ነበር።»

«አፈር ያማረኝ እኔ ነበርሁ» አለች አሁን ድንኳኑ ውስጥ ጎረቤታቸው አደይ፣ ውዳሴ ከደብተሩ ስታነበው ሰምታ ከፊቷ ቆማ። «አፍሬ ተደብቄ፣ አያ ስመኘው ናቸው እየጎተቱ ጤና ጣቢያ የወሰዱኝ። ይኸውልሽ!» ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ ውዳሴ እቅፍ ላይ አኖረቻት።

ከዚያማ ድንኳኑ ቀለጠ። ቃሩ የእኔ ነው፣ ራስ ምታቷ የእኔ ናት እያለ ለቀስተኛው በሽታውን ይረከብ ጀመር።

«እሱማ ምን ሕመም ያውቃል!» አሉ እናቷ እትዬ አየለች፣ ያዘቀዘቁትን ነጠላ አፋቸው ላይ ይዘው እየሳቁ። «እስካለፈው ሳምንት በሬ ጠምዷል። ለአገሩ ሐኪም እያሰለጠንሁ ነው ይል ነበር።»

«አሁን ደግሞ ግራው ጉልበቴ ጀማምሮታል» አሉ አያ ገብረሰንበት። «በማን አፍ ልንገርሽ?»

«በራስዎ አፍ። ፖላንድ ስገባ በየእሑዱ እደውላለሁ» አለች። ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች፤ ግን ደስ አላት።

ደብተሩን ዘርግታ በየሕመሙ አጠገብ የባለቤቱን ስም ጻፈች። ሃያ ሁለቱ ሞላ። የቀረውን ጮክ ብላ አነበበች፦ «ስልኩን ስትዘጊው እራት አልበላ ይለኛል።»

ማንም የእኔ ነው አላለም።

«ያችስ የራሱ ናት» አሉ እናቷ ቀስ ብለው።

ከጎኑ ያኔ «ጨጓራ?» ብላ ጽፋ ነበር። ሕፃኗን በግራ እጇ አቅፋ፣ በቀኝ እጇ ሰረዘችውና «ስመኘው» ብላ ጻፈች።