ውሻዋ በላች?

ስልኩ ሲጠራ ለቅሶ ቤቱ ባንድ አፍታ ጸጥ አለ። ይዘምሩ የነበሩት ሴቶች መዝሙሩን ከመሀል ቆረጡት፤ አንዷ ሶፍቱን አፍንጫዋ ላይ እንደያዘች ቀረች። ማን እንደደወለ ሁሉም ያውቃል። ኮለምበስ ላይ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል፣ ሕንድ አገር ሲነጋ፣ የሚደውል አንድ ሰው ብቻ ነው።

“የአብሥራ ነው” አለች እናቱ ዓለምነሽ፣ ስልኩን እንደ ፍም በሁለት ጣቷ ይዛ። “በቪዲዮ ነው። ናርዲ! አንቺ ወንድምሽን አናግሪው።”

ናርዲ ጥቁር ሻሿን ከራሷ ላይ ገፈፈች፤ ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለውን ቢጫ ሁዲ በጥቁር ቀሚሷ ላይ አጠለቀችና ወደ ጋራዡ ሮጠች። አባቷ ማክሰኞ ዕለት ከሞተ ጀምሮ ሥራዋ ይህ ሆኗል። ለለቀስተኛ ጥቁር፣ ለወንድሟ ቢጫ። መድረክ ላይ የምትውል ተዋናይት እንኳ እንዲህ በየሰዓቱ ልብስ አትለዋውጥም።

“ናርድዬ!”

የአብሥራ እንደ ቤት የሚያድርበት ካምፐር ቫኑ ደፍ ላይ ተቀምጧል። ከኋላው በረዶ የለበሰ ተራራ ቆሟል፤ እግሩ ሥር አንዲት ጥቁር ቡችላ የጫማውን ክር ትጎትታለች።

“አሁንም ጋራዥ ነሽ? ቤት የለሽም እንዴ?”

“የእማዬ የጸሎት ሰዎች ሞልተውታል። ካዩህ መቼ ነው የምታገባው ይሉሃል፤ ላንተ አዝኜ ነው።”

ሳቀ። ሳቁ የአባቱ ነው፤ ከሆድ ተነስቶ ትከሻ የሚያናውጥ። ናርዲ ዓይኗን ወደ ሣር ማጨጃው ማሽን መለሰች። ማሽኑን ጎረቤት ነው ገፍቶ ወደ ጋራዥ ያስገባው፤ አባቷ የፊት ለፊቱን ሣር ግማሹን አጭዶ ግማሹ ላይ ወድቆ ነበር።

“አባዬስ? ድምፁ አልተከፈተለትም?”

“ገና ነው። ጉንፋኑ ጠንቶበታል።”

“ኮቪድ ቴስት አድርጓል?”

“አድርጓል። ኔጌቲቭ ነው።”

ነርስን መዋሸት ከባድ ነው። የአብሥራ በኮሮናው ሁለት ዓመት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነበር የሠራው። ሰው ሲሞት ለቤተሰብ ደውሎ የሚናገረውም እሱ ነበር። አንድ ቀን ከሺፍት ተመልሶ ማዕድ ቤት ቆሞ ሲበላ፣ “አስቀድመን ሁለት ነገር እንጠይቃለን” ብሏት ያውቃል። “መኪና እየነዱ ነው? አጠገብዎ ሰው አለ? ከዚያ በኋላ የምንለውን ብዙው ሰው አይሰማውም። በጥያቄው ነው የሚያውቀው።”

ዘንድሮ በጸደይ ሥራውን ለቀቀና ዴሊ ሄዶ ካምፐር ቫን ተከራየ፤ ሂማላያን በመኪና ሊያቋርጥ። አባቱ ግርማቸው ያን ሲሰማ፣ “ደሴ የተወለደ ሰው ተራራ ለማየት ይከፍላል?” ብሎ ስልኩን ዘጋበት። ለወር ያህል አልተነጋገሩም። ያስታረቀቻቸው ይቺ ቡችላ ናት። የአብሥራ ከመንገድ ዳር ሻይ ቤት በር ላይ አንስቷት፣ ከእናቱ ጋር ሲያወራ ስታለቅስ ተሰማች። ዕድሜውን ሙሉ ውሻ ደጁ ያላስደረሰው ግርማቸው ከሶፋው ተነስቶ መጣና በሚስቱ ትከሻ ላይ አጮልቆ፣ “ውሻዋ በላች?” አለ። ከዚያ ወዲህ በደወለ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ልጁን በላህ ወይ ብሎት አያውቅም።

“ስሚ፣ ኬሎንግ ነው ያለሁት። የመጨረሻዋ ከተማ ናት። ነዳጅ ሞልቼ የተራራውን ፓስ ክሮስ አደርጋለሁ። ከዚህ በኋላ ተራራው ማዶ እስካለችው ሌህ ድረስ ሲግናል ስለሌለ ለጥቂት ቀን ከጠፋሁ እንዳትጨነቁ።”

ቀብሩ ቅዳሜ ነው።

“እሺ” አለች።

“ናርድ... ስለሷ አልጠየቀም?”

“ስለማን?”

“ስለ ቡችላዋ ነዋ።”

ለጉንፋኑ፣ ለቴስቱ፣ ለጸሎት ሰዎቹ ምላሷ አልተያዘም ነበር። አሁን የሁዲውን ክር ጣቷ ላይ ጠመጠመች።

“ጠይቋል” አለች በመጨረሻ። “በላች ወይ ብሏል።”

የወንድሟ ፊት በራ። “ሩዝ በእንቁላል በልታለች በይው! እኔ ብስኩት፣ እሷ እንቁላል። ቆይ፣ ከመነሳቴ በፊት መልሼ ኮል አደርጋለሁ። ቢተኛም ቀስቅሺው፣ ተራራውን ይይ።”

ስልኩ ሲዘጋ ናርዲ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። አሁን የሞተ አባቷን አፍ አውጥቶ እንዲናገር አደረገችው። ያላለውን ቃል በአፉ አኖረችለት።

ሳሎን ስትገባ ጋሼ ጣሰው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ከሉዊስ ሴንተር እዚህ ፎረስት ፓርክ ድረስ በየቀኑ እየመጡ ያመሻሉ።

“ጠረጠረ እንዴ?”

“አልጠረጠረም። ሊነሳ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስልክ አይሠራም። አሁን ካልነገርነው አባቱ ሲቀበር እሱ በረዶ ፎቶ ያነሳል።”

“ልጄ፣ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሲመጣ ኤርፖርት ሄደን ተቀብለን፣ ቤት አስገብተን፣ እህል አስቀምሰን፣ በማለዳ እናረዳዋለን። አባቶቻችን ይህን ያደረጉት ሞኝ ስለሆኑ አይደለም።”

“በኮሮናው ጊዜ ቀብር በዙም ስናይ አልነበር ጋሼ? እርስዎ ራስዎ ማይካችሁን ዝጉ እያሉ ጸልየው የለ? ቀብር በዙም ይሆናል፣ መርዶ በስልክ አይሆንም?”

አንዲት ሴት ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች።

“ምላስሽ የግርማቸው ነው” አሉ ጋሼ ጣሰው፣ ሳይቆጡ።

“ማን ይይዘዋል?” አለች ዓለምነሽ።

ሁሉም ዞረው አዩአት። ከመጋረጃው ሥር ፍራሽ ላይ ተቀምጣ እጇን ነበር የምታየው።

“ገደል አፋፍ ላይ ነው ያለው። ሲወድቅ ማን ይይዘዋል? ያቺ ውሻ?”

“እማዬ፣ እሱ እኮ ለስንቱ...”

“የእናቴን ሞት በስልክ ነው የነገሩኝ። የምሠራበት ሆቴል ውስጥ፣ አንሶላ ሳጥፍ። ብቻዬን ነበርኩ። አንሶላውን አቅፌ ወደቅኩ። ማንም አልመጣም፤ ራሴው ተነስቼ አጥፌ ጨረስኩት።”

ናርዲ ስልኩን በእጇ እንደያዘች ተመልሳ ወደ ጋራዡ ሄደች።

በትንሿ መስኮት ሣሩ ይታያል። በስተቀኝ የታጨደው፣ በስተግራ ያልታጨደው። ለቀስተኛ ሁሉ በመሀሉ ያልፋል፤ አንድም ሰው ልጨርስላችሁ አላለም፤ ቢልም እናቷ አትፈቅድም። የአብሥራ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይመጣል። አምስት ሽማግሌ ኤርፖርት ቆሞ ይጠብቀዋል። ያኔ ሣሩ አድጎ እኩል ይሆናል። አባቱ በላች ወይ አለ የተባለበትን ቀን ከሞተበት ቀን ጋር ይቆጥራል፤ ያለው አባቱ ሳይሆን እሷ እንደሆነችም ይገባዋል።

ስልኩ ጠራ። ከግድግዳው ወዲያ መዝሙሩ እንደገና ተቋረጠ።

“ተነሳ?” አለ የአብሥራ። አሁን መሪው ጋ ተቀምጧል፤ ሞተሩ ይንተከተካል። ቡችላዋ አጠገቡ ባለው ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ታኝካለች። “አባዬ ተነሳ? ብርሃኑ ሳይለወጥ ላሳየው።”

“የአብዬ፣ በልተሃል?”

“ምን?”

“አንተ። እህል ቀምሰሃል?”

“በልቻለሁ። ምነው፣ ዛሬ ደግሞ ለኔ ታሰበልኝ?”

“ሞተሩን አጥፋው።”

“ልነሳ ነው እኮ።”

“አጥፋው። ቁልፉንም ንቀለው።”

ሞተሩ ዝም አለ። ከወዲያ ማዶ የወንዝ ድምፅ መጣ፤ እስካሁን አልሰማችውም ነበር። የአብሥራ ቁልፉን በመዳፉ እንደያዘ ስክሪኑን ትክ ብሎ አየ።

“አጠገብህ ሰው አለ?” አለች ናርዲ።

ከንፈሩ ጥያቄውን ያለ ድምፅ ደገመው፤ ለስንት ቤት ደውሎ ጠይቆታል። ትከሻው ቀስ እያለ ወረደ።

“ናርዲ” አለ።

“ሰው አለ ወይ?”

“የለም።” ዞር ብሎ ወደ ወንበሩ አየ። “እሷ ብቻ ናት ያለችው።”

“እቀፋት” አለችው። ስልኩን ማጨጃው ማሽን ላይ አስደግፋ አቆመችና፣ እያያት፣ ቢጫውን ሁዲ ከጥቁር ቀሚሷ ላይ አወለቀች።