የለም የማይባልበት ሱቅ

ሱሌማን ለደንበኛ «የለም» ብሎ አያውቅም። አባቱ ከወሎ መጥተው አቦቦ ሲሰፍሩ በቆርቆሮ ሱቅ የጀመሩትን ንግድ ሲያወርሱት፣ ከመደርደሪያው ቀድመው ያወረሱት ይህን ነው፤ «የለም ያልከው ደንበኛ ጎረቤት ይሄዳል፣ ሄዶም ይቀራል።» ስለዚህ ጋምቤላ ከተማ ባለው ሱቁ ውስጥ ያላለቀ ወይም መንገድ ላይ ያለ ዕቃ እንጂ የሌለ ዕቃ የለም። ሚስማር? መቱ ደርሷል። የሕፃን ወተት? ነገ ይገባል። ሰውየው ነገ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያም ይመጣል፣ በአራተኛው ቀን ሲሰለቸው ሳሙና ገዝቶ ይመለሳል። ሚስቱ ሰይዳ ከባንኮኒው ኋላ ሆና ሳቋን በሻርፗ ጫፍ ታፍናለች። እየዋለ ሲያድር እሷም ለመደችው፤ «መኪናው ጎሬን አልፏል» ማለት ከባሏ ይልቅ ያምርባታል።

ሰይዳ ሁለተኛ ልጅ ትፈልግ ነበር። ይህን መጀመሪያ አፍ አውጥታ የተናገረችው ልጃቸው ሁዳ ሦስት ዓመት ሲሞላት ነው። ሱሌማን፣ ሱቁን እናስፋና ኢንሻአላህ አላት። ሱቁ ሰፋ። ቀጥሎ ረመዳን ይለፍና ኢንሻአላህ ሆነ። ረመዳንም አለፈ፣ አንዱ ብቻ አይደለም፣ ስንቱ። እሷ እስከዚያው በየሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌዋን እየተወጋች ትጠብቃለች። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው፤ ግን ላሚቱን ያሳያት የገዛ ባሏ ስለሆነ እንዴት ትጠርጥር?

እርግጥ የሁዳ ምጥ ቀላል አልነበረም። ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም ብሎ ከሞት አፋፍ ተመልሳለች። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው፣ ሁለተኛው እርግዝና እንደሚያሰጋ፣ በቅርብ ክትትል ግን እንደሚቻል ነገራቸው። እሷ «ይቻላል»ን ይዛ ወጣች። ባሏ ምን ይዞ እንደወጣ አልጠየቀችውም። ጥፋት ከተባለ የእሷ ጥፋት ይህ ብቻ ነው።

አልጋቸው ሥር የሁዳ የሕፃንነት ልብሶች የተቀመጡበት ሻንጣ አለ። ሰይዳ ከሁሉ በላይ የምትሳሳለት የገዛ እናቷ ዳር ዳሩን በኪሮሽ የሠሩላት ቢጫ የሕፃን ብርድ ልብስ ነው። ሁለተኛ ልጅ ከጠየቀች ወዲህ ባለፉት ስምንት ዓመታት ሻንጣውን አንድም ቀን አልከፈተችም። ገና ሳይረገዝ የሕፃን ልብስ መነካካት ደግ አይደለም ብላ በመጥረጊያ ጫፍ እንኳ ሳትነካው ዙሪያውን ትጠርጋለች።

በሰኔ ወር፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ኛቡዋይ ወደ ሱቁ መጣች። ኛቡዋይ ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ የምትኖር፣ ሳሙናና ጨው በካርቶን ወስዳ እዚያ የምትቸረችር የቆየች ደንበኛ ናት። ሱሌማን ዕቃ ለማራገፍ ወጥቷል። ኛቡዋይ አራስነቷን ገና አልጨረሰችም፤ ሕፃኗን ታቅፋለች፣ ሕፃኗም የተጠቀለለችው በቢጫ ብርድ ልብስ ነው። ሰይዳ የእናቷን እጅ ሥራ ከሩቅ ታውቀዋለች። ቢሆንም እጇን ሰድዳ ዳሩን ዳበሰችው፤ አንዷ ማዕዘን ላይ እናቷ ክር አልቆባቸው በነጭ የጨረሷት ቦታ አለች። ከየት እንዳገኘችው ጠየቀቻት።

«ሱሌማን ጥሩ ሰው ነው» አለች ኛቡዋይ እየሳቀች። «ዝናብ ነበር፣ ልጅ ልብስ የለውም። ሱሌማን ይሄን ሰጠኝ። ‹እኛ ልጅ በቃ፣ ጨርሰናል፣ አንቺ ውሰጂ› አለ።»

ሰይዳ የሕፃኗን ጉንጭ ሳመች፤ ያሳድግልሽ አለች፤ ሁለት ካርቶን ሳሙና ቆጥራ ሰጠች። ኛቡዋይ ከወጣች በኋላ ግን የስኳር ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ስንት ሰው በዚህ ባንኮኒ ፊት ቆሞ በተስፋ ተመልሷል፣ እሷስ በስንቱ ስቃለች! ስምንት ዓመት ሙሉ ነገ ነይ ስትባል የኖረችው ደንበኛ እሷው ራሷ ነበረች።

ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ከተማው ሱቅ ይዘጋል። ሱሌማን በሩን ገርበብ አድርጎ ላቡን ሲጠርግ፣ ብርድ ልብሱን አይቻለሁ አለችው። መጀመሪያ የተቸገረች አራስ መርዳቱን ሊያስረዳት ሞከረ። በደግነትህ አልተጣላሁም አለችው፤ የጠየቀችው ጨርሰናል ስላለው ነገር ነው።

ሱሌማን ሲመልስ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ያን የምጥ ቀን ደም የሚሰጥ ሰው ፍለጋ የባጃጅ ሾፌሮችን እንዴት እየዞረ እንደለመነ፣ እናቷ እንዳያዩት ብሎ በደም የራሰ ልብሷን ባሮ ወንዝ ወርዶ ራሱ እንዳጠበ ነገራት። ይህን ሰምታው አታውቅም።

«ባጠብኩት ቁጥር ውሃው ይቀላል» አለ። «አላልቅ አለኝ ሰይዳ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ልጥል? አልፈልግም። ያን ጊዜም አልፈለግኩም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ታለቅሻለሽ። ወይ ታሳምኚኛለሽ።» መሬት መሬቱን አየ። «ዕድሜሽ ራሱ ይፈርዳል ብዬ ጠበቅኩ።»

ሰይዳ አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። የወር አበባዋ መዛባት ከጀመረ ቆይቷል። ፍርሃቱ እውነት መሆኑን አየች፣ አዘነችለትም፣ ሞቷን እንዲህ የሚፈራ ባል ለስንቷ ሴት ይደርሳታል? ያንገበገባት ሌላው ነው። ያኔ አልፈልግም ቢላት ትጣላው ነበር፣ ትለምነው ነበር፣ ሽማግሌ ትልክበት ነበር። ምናልባት ትሸነፍና አልቅሳ ይወጣላት ነበር። እሱ ግን መጣላቱንም ማልቀሱንም ነጥቋት፣ እሷ ቀን ስትቆጥርለት እሱ ዕድሜዋን ሲቆጥርባት ኖሯል። ይህን ሁሉ ሳትነግረው ሻርፗን አስተካክላ ወደ ቤት ሄደች።

በማግስቱ ሱቅ አልወረደችም። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ሰሌን አነጠፈችና እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች። ሰውነቷ እንደዚያ መቀመጥ ፈለገ። ጎረቤቷ ዶርቃ፣ ሁዳ የምትማርበት ትምህርት ቤት አስተማሪ የሆነች የአኙዋክ ልጅ፣ እንደ ልማዷ ሁዳን ይዛ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አየቻት። ሁዳ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። ዶርቃ ደጃፉ ላይ ቀረች።

«ማን ሞተ?» አለች ቀስ ብላ።

«የሞተ የለም። ያልተወለደ ነው።» ሰይዳ ቀና አላለችም። «ሙስዓብ ልለው ነበር።»

ሌላ ሰው ቢሆን አብዳለች ይል ነበር። ዶርቃ ጫማዋን አውልቃ አጠገቧ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ ሰይዳ ስምንት ዓመት የከረመውን ዕንባ አወረደችው፤ ዶርቃም እጇን ይዛ በራሷ ቋንቋ ዝግ ብላ ጸለየች። ለቅሶ ያዩ ሁለት የሰፈር ሴቶችም ምክንያቱን ሳይጠይቁ መጥተው ተቀላቀሉ።

ሱሌማን ሲመጣ በረንዳው ላይ ሰሌን፣ ሰሌኑ ላይ ዕንባ የሚያብሱ ሴቶች አየ።

«ማነው?» አለ።

«ልጃችን» አለች ሰይዳ።

«ሁዳ!» ብሎ ጮኸና ሴቶቹን ዘልሎ ወደ ቤት ሮጠ። ሁዳ የውሃ ጆግ ይዛ ከጓዳ ስትወጣ በሩ ላይ ተጋጩ። ሱሌማን የልጁን ፊት በሁለት እጁ ይዞ ዓይኗን አየ፣ ግንባሯን ዳሰሰ፣ ልብሷ በውሃ ርሶ እንኳ አልለቀቃትም። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። ገባው።

ሰይዳ እንዲህ ልታስደነግጠው አላሰበችም ነበር፤ አዘነች። ዶርቃ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት። እሱ ግን ሰሌኑ ላይ አልወጣም። ከሩቅ መንደር እንደመጣ ለቅሶ ደራሽ ከበረንዳው ጠርዝ ቁጢጥ አለና ሁለት እጁን ለዱዓ ዘረጋ። ሰይዳ የሚለውን ጠበቀች፤ «ለእኛ» የምትል አንዲት ቃል ከአፉ ብትወጣ እጁን ይዛ ወደ ሰሌኑ ልትስበው ተዘጋጅታ ነበር።

«አላህ ሰብሩን፣ መጽናናቱን ይስጥሽ» አለ።

«ይስጠን» አላለም። ሰይዳ ጥቂት ጠበቀችው፣ ከዚያ እሷም ደንቡ እንደሚያዘው «አሚን» አለች።