እጩ አንድ

የመኪና ሚዛኑን ኮምፒውተር ያበላሸው ሰይድ ነው፣ የምትባረረው ግን ዚክራ ናት፣ ይኸው ነው፣ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። የዱቄት ፋብሪካው የኮምፒውተር ኃላፊ እሱ፣ በሙከራ የተቀጠረች ረዳቱ እሷ። አሁን ሰይድ በፋብሪካው ባለቤት በሀጂ ጀላል ቢሮ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ ደገፍ ማለት አልደፈረም፣ በመስኮቱ ስንዴ የጫኑ መኪኖች እስከ ኮምቦልቻ አስፋልት ድረስ ተሰልፈው ይታያሉ፣ እስከ አሥራ አራት ቆጥሮ ተወ፣ አንዱ ሾፌር ክላክሱን ተጭኖ፣ ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ስንዴው እላያችን ላይ ሊበቅል ነው፣ ውሃ እናጠጣው እንዴ፣ ይላል፣ ሌሎቹ ይስቃሉ። ሳይመዘን የሚገባ መኪና የለም። ሚዛኑ ደግሞ ከጧት ጀምሮ ዜሮ ነው። አርባ ቶን ቢቆምበትም ዜሮ።

ረጋ በልና አስረዳኝ፣ ይላሉ ሀጂ መነጽራቸውን እያወለቁ፣ ይኼ አልፋ ቤታ የምትሉት ምንድን ነው፣ እኔ ከዱቄት በቀር የማውቀው የለም።

ማስረዳት ቀላል ነው፣ ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረችውን አንዲት ነገር ከመናገር ይቀላል፣ እኔ ነኝ ያዘዝኳት፣ ሦስት ቃል ናት፣ አትወጣም፣ ስለዚህ ያስረዳል። ሀጂ፣ ይላል፣ ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ሥርዓት የአንድ ኩባንያ ዕቃ አይደለም፣ በየአገሩ ያሉ ሰዎች በጋራ ይሠሩታል፣ ሲሠሩትም በግልጽ ነው፣ ጥሬውንም ብስሉንም የፈለገ አውርዶ ያየዋል፣ ሰው እንዳይሳሳት ታዲያ ገና ሳይወጣ በየደረጃው ስም ይሰጡታል። አልፋ ያሉት አካሉ ገና አልሞላም፣ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ይፈሩታል። ቤታ ያሉት ሁሉ ነገሩ ገብቷል፣ አዲስ አይጨመርበትም፣ ጉድለቱ ግን ተለቅሞ አላለቀም፣ የደፈረ ይሞክረውና ያየውን ይንገረን ነው ነገሩ። ከዚያ እጩ ይመጣል። እጩ ማለት፣

እጩ ማለት።

ለእሱ እጩ ማለት አርባ አራተኛው ቀን ነው፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፣ እዚሁ ኮምቦልቻ፣ ዛሬ ፈርሶ መጋዘን የሆነው የጆንያ ፋብሪካ፣ ቃጫ የበላው መዳፍ፣ ከሾፌሮች ምግብ ቤት በላስቲክ የሚሰጥ ትራፊ፣ የሙከራ ጊዜ ያኔ አርባ አምስት ቀን ነበር፣ አርባ አምስትን የሞላ ቋሚ ይሆናል፣ ፎርማኑ ብሩ በአርባ አራተኛው ቀን ወረቀቱን ይዞ ከች ይላል፣ አንተ ረጅሙ፣ ሂድ፣ ከሳምንት በኋላ ብቅ በል፣ እንደ አዲስ እንቀጥርሃለን፣ ምን አጠፋሁ ጋሼ፣ ምንም፣ ሂድ አልኩህ። ሦስት ጊዜ። ሦስት ጊዜ አርባ አራት። ለሰው ነግሮ አያውቅም፣ ለሚስቱም።

እጩ ማለት፣ ይላል ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሠሪዎቹ አልቋል ብለው ያመኑበት ነው፣ ከባድ ጉድለት ካልተገኘበት ምንም ሳይነካ እሱው ራሱ የመጨረሻው ሆኖ ይወጣል፣ ከተገኘበት ይታረምና እጩ ሁለት ይባላል።

ትናንት የተጫነውስ።

እጩ አንድ።

የመጨረሻው መቼ ነው የሚወጣው።

ሐሙስ።

ሐሙስ፣ ይላሉ ሀጂ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው።

እጩ አንድን ሰይድ ራሱ ነው ደሴ ሆጤ ካለው ቤቱ በፍላሽ ይዞት ቁልቁለቱን የወረደው። ትናንት ሥራ መውጫ ላይ ዚክራ ስክሪኑን እያየች፣ ጋሼ፣ ገና እጩ ነው እኮ፣ የታወቁ ችግሮች የሚለውን አነበብኩት፣ በአሮጌ ገመድ የመጣ ቁጥር አያነብም ይላል፣ የኛ ሚዛን ገመድ ደግሞ አሮጌ ነው፣ ሐሙስን ብንጠብቅስ፣ አለችው። እውነቷን ነበር። የድሮው ሥርዓት አልታመመም፣ ማንም አላስቸኮለውም፣ ግን ሦስት ቀን የቀረውን ነገር ይመለስ ስትል ፎርማኑን ብሩን መሰለችው፣ የቦሩ ሜዳዋ ዚክራ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ሁለት ሚኒባስ ቀይራ ከሁሉ ቀድማ የምትገባው፣ እሷ ብሩን መሰለችው፣ ያለቀለት ነገር ነው፣ ጫኚው አልኩሽ፣ ብሎ ጮኸባት፣ እሺ ጋሼ አለች። የእሷ ሙከራ ስድሳ ቀን ነው፣ ዛሬ አምሳ ስምንተኛው ነው፣ ትናንት ሲጮህባት ይኼን አላሰበውም። አይ። ያውቅ ነበር።

እንግዲያው ስሙ ራሱ አላለቅኩም ብሎ ተናግሯል፣ ይላሉ ሀጂ፣ የጫነችው ልጅ ማንበብ ትችላለች አይደል፣ ዲግሪ አላት አይደል፣ ሰይድ ያስረዳው ሁሉ፣ አልፋው፣ ቤታው፣ እጩው፣ ተሰልፎ እሷ ላይ ሲመሰክርባት ይሰማዋል። ጥራት፣ ይላሉ ሀጂ።

ዚክራ ገብታ በሩ አጠገብ ትቆማለች። ማነው ጫኚው ያለሽ፣ ይሏታል ሀጂ። ሰይድን አታየውም፣ ጠረጴዛውን ነው የምታየው፣ ማንም አላለኝም ሀጂ፣ እኔው ነኝ የጫንኩት።

ለምን፣ ሥራውን ስላስተማራት፣ ወይስ ፈርታው፣ ወይስ አፉን ሊከፍት እንደሆነ ለማየት፣ ተናገር፣ አንተ ረጅሙ፣

እኔ ነኝ ያዘዝኳት።

ሦስቷ ቃል ወጣች።

ሀጂ ጀላል አይደነግጡም። አውቃለሁ፣ ይላሉ፣ ወላሂ ከጧት ነው የገባኝ፣ ይቺ ልጅ ሳትጠይቅ መብራት እንኳ አታበራም፣ ግን አንተን ባስወጣ ሚዛኑን ማን ያስነሣልኛል፣ ደግሞ አንተ ቋሚ ነህ፣ ማስጠንቀቂያው፣ ኮሚቴው፣ ክሱ፣ የሷ ስድሳ አልሞላም፣ እነዚያ ውጭ ያሉት ደግሞ አንድ ሰው ተነሣ ሲባል መስማት ይፈልጋሉ። አላህ የተሻለ ይስጥሽ፣ የኔ ልጅ፣ ይላሉ ወደ ዚክራ ዞረው።

እሷ ከሄደች እኔም እሄዳለሁ፣ ይኼን ማለት አለበት፣ አፉን ከፍቷል፣ የበኩር ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ ትንሿ መድኃኒት አለባት፣ በአምሳ ዓመቱ ማን ይቀጥረዋል፣ የሚቀጥረውስ በሙከራ፣ እንደ አዲስ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቀን መቁጠር፣ አይ፣ አይችልም፣ አፉን ይዘጋል፣ ጥርሱ ሲጋጠም ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ የሰማው ይመስለዋል።

ኮሪደሩ ላይ ዚክራ የሚዛን ቤቱን ቁልፍ መዳፉ ላይ ታኖርለታለች። ቀድሜ ልናገር ነበር፣ ይላታል። ተናገሩ እኮ ጋሼ፣ አብሽሩ፣ ትላለች፣ ብትቆጣ ይሻለው ነበር፣ አልተቆጣችም፣ የደሴው ሚኒባስ ሳይሄድ ልድረስ።

ሚዛን ቤት። የድሮውን ሥርዓት የያዘውን ፍላሽ ይሰካል፣ መስመሩ ቀስ እያለ ይሞላል፣ አሥር ከመቶ፣ አሥራ አንድ፣ ውጭ ሾፌሮቹ ያወራሉ፣ ሴትዮዋን አባረሯት አሉ፣ እሰይ፣ ታዲያ ሚዛኑ ለምን አይነሣም፣ እኔ ምን አውቄ፣ ሌላ ሰው ያባርሩ ይሆናላ፣ ይሳሳቃሉ፣ አሥራ ሁለት፣ ሰይድ ስክሪኑ ላይ አፍጧል፣ አሥራ ሦስት። ዚክራ ሄዳለች። ሰይድ ቀርቷል።