አንዲት ሰረዝ

በመላው እንግሊዝ አገር ስዊንጊል ተብሎ የሚጠራ ሰው አንድ ብቻ ቀርቷል። እሳቸውም ሚስ ዶሪን ናቸው። ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ልጅ የላቸውም። የመጨረሻዋ እሳቸው መሆናቸውን የሚያውቁት ደግሞ በግምት ሳይሆን በቁጥር ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት በመንደራቸው በኪርክሞር ፖስታ ቤት ሲሠሩም፣ ጡረታ ከወጡም ወዲህ፣ የቆየ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብና የስልክ ማውጫ ሲያገላብጡ ኖረዋል። በ1881 ስልሳ አራት ስዊንጊሎች ነበሩ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ሠላሳ አንድ። ሚስ ዶሪን ልጅ ሳሉ ዘጠኝ። እስካለፈው ክረምት ድረስ ሁለት ነበሩ፤ ሁለተኛው ሃል ከተማ የሚኖሩ ሄርበርት የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ በየገናው ካርድ ይለዋወጡ ነበር። ዘንድሮ መልሱን የጻፈችው ነርሳቸው ናት፤ ሽማግሌው ሞተዋል።

የስሙን ትርጉም ለጠየቃቸው ሁሉ ሳያፍሩ ይናገራሉ፤ የአሳማ ሸለቆ ማለት ነው። ከመንደሩ በላይ ዝናብ ሲጥል ብቻ ውሃ የሚወርድበት ጠባብ ሸለቆ አለ። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት አንድ ሰው እዚያ አሳማ ያረባ ነበር፤ መንደርተኛው በቦታው ጠራው፤ ልጆቹም በዚያው ተጠሩ። ጀግና የለበት፣ ባላባት የለበት። የአሳማ ጭቃ ላይ የበቀለ ስም ነው፤ ሚስ ዶሪን ግን ዕድሜያቸውን የገበሩት ለሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው ሚስተር ኤርነስት የድንጋይ ካብ ሠሪ ነበሩ፤ ሁለት ሴት ልጅ እንጂ ወንድ አልነበራቸውም። ታላቂቱ ጆዋን እንደ ወጉ አገባችና እንደ ወጉ ስሟን ጥላ በባሏ ስም ሄደች። ቀሪዋ ዶሪን ናቸው። በ1969 ክሊፎርድ ፓስክ የሚባል የወተት መኪና ሾፌር ሊያገባቸው ጠየቀ፤ ሚስ ዶሪንም ይወዱት ነበር፤ የመኪናውን ድምፅ ከሌላው መኪና ሁሉ ለይተው ያውቁት ነበር። አባት ግን፣ "ስሟ ወደ አንተ አይሄድም፤ ያንተ ወደ እሷ ይምጣ" አሉት። ክሊፎርድ አንድ ሳምንት አሰበበት። ከዚያ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ መጣና ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ።

"የኔም አይጥፋ፣ የናንተም አይጥፋ" አለ። "በሰረዝ እናያይዛቸው። ስዊንጊል-ፓስክ። የናንተን አስቀድማለሁ።"

በዚያ ዘመን በሰረዝ የተያያዘ ስም የጌቶች ነበር፤ መሬት ያላቸው፣ ፈረስ ላይ ወጥተው ቀበሮ የሚያሳድዱ ሰዎች ስም። በኪርክሞር ደግሞ ሌባም ቢሆን ይቅርታ ያገኝ ይሆናል፤ ከጎረቤቱ በላይ ልታይ ያለ ሰው ግን እስኪሞት ይሳቅበታል፤ ሞቶም አይለቁትም።

አባት ከጋዜጣቸው ቀና አሉ። "ሰር ክሊፎርድ መጡልን በሉኛ።"

ሚስ ዶሪን ሳቁ። ሳቁን እንኳ ቢውጡት ጥሩ ነበር፤ ጨመሩበት። "ወተቱን ማን ሊያመላልስልን ነው እንግዲህ፣ ጌታዬ? አሽከርዎ?"

ክሊፎርድ ጆሮው ድረስ ቀላ። "እሺ" ብቻ ብሎ ኮፍያውን አነሳ። ሐሙስ ይመለሳል ብለው ጠበቁት። ሐሙስ ወተቱን የወሰደው ሌላ ሾፌር ነበር፤ ክሊፎርድም ለፋሲካ ሌላ ሴት አገባ። ከዚያ ወዲህ ለምን እንዳላገቡ ለጠየቃቸው ሁሉ ሚስ ዶሪን መልሳቸው አንድ ነው፤ "አባቴ እንቢ አሉ።"

አሁን እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። የጆዋን የልጅ ልጅ ኮነር ሆብዴይ ከጓደኛው ከጄማ ማርሽ ጋር ሻይ ሊጠጣ መጥቷል። ጄማ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሚስ ዶሪን የፍራፍሬ ኬክ ከአይብ ጋር አቅርበዋል፤ ከጠረጴዛው ዳር ሦስት የጫማ ካርቶን ደርድረዋል፤ በውስጣቸው የስልሳ አራቱም ስዊንጊሎች ወረቀት አለ።

"አክስቴ፣ እኔ እኮ የምመጣው ለዚህ ኬክ ነው" አለ ኮነር።

"አውቃለሁ። በአያትህ የወጣህ ሆዳም ነህ፤ ብላ።"

እስኪጨርስ ጠበቁና ተናገሩ። ይህ ቤት ለኮነር ነው፤ ኑዛዜው ተጽፏል። አንድ ነገር ብቻ አለበት፤ ኮነር ስሙን ስዊንጊል ያስደርጋል፤ ልጁም በዚያው ይጠራል። እንዲህ ያለው ኑዛዜም ድሮ የባላባቶች ነበር፤ ጠበቃው ይህንኑ ሲነግራቸው ሚስ ዶሪን አልሳቁም።

ኮነር ጄማን አየ። ጄማ ሹካዋን አስቀመጠች።

"እንዳይቀየሙን እንጂ ስሙን ጨርሰናል" አለች። "ሆብዴይ-ማርሽ ነው የሚባለው።"

"በሰረዝ?"

"በሰረዝ። ቧንቧ ሠሪው ወንድሜም ልጆቹን እንደዛው ነው ያስጠራቸው። እኔ የምሠራበት መዋለ ሕፃናት ከሃያ ልጅ አሥራ አንዱ ሰረዝ አለው።"

"ሰው አይስቅባችሁም?"

ጄማ ግራ ገባት። "በምኑ?"

ሚስ ዶሪን ሻይ ቀዱ፤ ሞልቶ የስኒ ማስቀመጫው ላይ ፈሰሰ። "እንግዲያው ማርሽን አውጡትና የኔን አስገቡ" አሉ። ነውር መሆኑን እያወቁ ነው ያሉት።

"እኔም አባት አለኝ፣ ሚስ ዶሪን" አለች ጄማ፣ በዝግታ። "ልክ እንደርስዎ።"

ኮነር ለማስታረቅ ጣልቃ ገባ። "መሃል ላይ እናድርግልሻ። የመሃል ስም ይሁን።"

"ያንተ የመሃል ስም ማን ነው?"

"ጄምስ።"

"በሱ የጠራህ ሰው አለ?"

ኮነር አሰበ። "የለም" አለ።

ኮነር እጁን ካርቶኑ ላይ አሳረፈ፤ ክዳኑን ግን አልከፈተውም። "እውነቱን ልንገርሽ አክስቴ፣ ቤቱም ቢሆን እዚህ ሥራ ስለሌለ እንሸጠዋለን። ልዋሽሽ አልፈልግም።"

"አልዋሸኸኝም።"

ጄማ በተንኮል አልነበረም የጠየቀችው፤ የመዋለ ሕፃናት ልማዷ ነው፣ ያልገባትን ትጠይቃለች። "ግን ለምን እርስዎም ያኔ አግብተው አላያያዙትም? ሁለቱም ይተርፉ ነበር እኮ።"

ሚስ ዶሪን አፋቸውን ከፈቱ። "አባቴ እንቢ አሉ" የሚለው ምላሳቸው ላይ ነበር፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ እዚያው ተቀምጧል።

"ሳቅሁበት" አሉ። "ልብሱን ለውጦ ነበር የመጣው፣ እኔ ሳቅሁበት።"

ጄማ እጃቸውን ልትይዝ ስትል ሚስ ዶሪን ሳህን ማንሳት ጀመሩ። በማግስቱ ጠበቃው ጋ ደውለው የስሙን ነገር ከኑዛዜው አስወጡት። ቤቱ ያለ ስም ለኮነር ሆነ፤ እንደፈለገ ይሽጠው። ኮነር ካርቶኖቹን ይፈልጋቸው እንደሆነ አልጠየቁትም፤ መልሱን ፈርተው ነው።

ረቡዕ የራሳቸውን የመቃብር ድንጋይ ሊያዙ ከድንጋይ ጠራቢው ከሚስተር ጋርሳይድ ጋር ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተገናኙ። እዚያ አርባ ሦስት ስዊንጊሎች ተቀብረዋል። አባታቸውም እዚያው ናቸው። ክሊፎርድ ፓስክ ከግቢው መተላለፊያ ማዶ፣ ከአጥሩ ሥር ነው፤ ከሞተ ስድስት ዓመቱ። ድንጋዩ ላይ ትኩስ አበባ ነበረ። ሚስ ዶሪን ሚስተር ጋርሳይድ ሜትሩን እስኪያወጣ ድረስ ተሻግረው፣ አጎንብሰው የአበባውን ካርድ አነበቡ። "ለቅድመ አያታችን። ሜዚና አልፊ ፓስክ-ሎው" ይላል፤ በሕፃን እጅ የተጻፈ ነው። ሰረዟ ከፊደሎቹ ሁሉ ትረዝማለች።

"ከላይ ነው የምጽፈው" አለ ሚስተር ጋርሳይድ እየለካ። "ከታች፣ ኋላ አብሮ ለሚቀበረው ቦታ መተው ደንባችን ነው።"

"መሃሉ ላይ ጻፈው። ከታች የሚመጣ የለም።"

"እሺ። ዶሪን ስዊንጊል። ሌላ የሚጨመር አለ?"

"ከስዊንጊል ቀጥሎ አንዲት ሰረዝ አድርግልኝ።"

እርሳሱን ያዘና ጠበቃቸው። "ከሰረዙ በኋላስ?"

"ምንም።"

"ሚስ ዶሪን፣ እንደሱ አይሆንም። ቀሪውን የረሳሁት ይመስላል። መንደሩ ሁሉ ይስቃል።"

ሚስ ዶሪን ወደ አጥሩ ሥር አዩ።

"ይሳቁ" አሉ። "የተሳቀበት እሱ ነበር፤ አሁን ተራው የኔ ነው።"

ሚስተር ጋርሳይድ ራሱን ነቀነቀና ደብተሩ ላይ ጻፈው። ዝናቡ ስለጀመረ የቀረውን በስልክ ሊጨርሱ ተስማምተው ተለያዩ።